ፊርማ ሳጸዳ ያጠፋኋቸው ሁለት ነጥቦች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ፕሪንተር፣ አንድ የከለር ፕሪንተር፣ አንድ የላሚኔሽን ማሽን። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ እሠራለሁ፣ ሰርተፍኬት ዲዛይን አደርጋለሁ። ከሁሉም ግን ልቤ የሚያዘነብለው ወደ አንዲት ትንሽ ሥራ ነው። ፊርማ ማጽዳት።

ሰው ሲያዘኝ "ዲጂታል ፊርማ ሥሪልኝ" ይለኛል። የሚፈልገው ወረቀት ላይ የፈረመውን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ፣ ወረቀቱን ከበስተኋላው አጥፍቼ፣ ደብዳቤ ወይም ሰርተፍኬት ላይ የሚያርፍ ምስል እንዳደርግለት ነው። እውነተኛው ዲጂታል ፊርማ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ተበላሽቶ የማየው ግን ብዙ ጊዜ ነው። አንዲት እናት የልጇን የምረቃ ሰርተፍኬት ላሚኔት ላስደርግ ብላ መጣች። በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ እንዳይታጠፍባት በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋ ነው ያመጣችው። ከፈትኩት። የርዕሰ መምህሩ ፊርማ ግራጫ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሳጥኑ ከሥሩ ያለውን የስም መስመር ግማሹን በልቶታል። ማህተሙ በላዩ ሲያርፍ ጭራሽ ደፍርሷል። ልጅቷ ዓመታት የለፋችበት ወረቀት ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው። ያ ሳጥን እዚያው ይኖራል። ለእናትየው ምንም አላልኳትም። ውስጤ ግን አዘነ። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ስለተዘለለ ነው እንዲህ የሆነው። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ አልኩ።

ሥራው የሚጀምረው ወረቀቱ ላይ ነው። ንጹህ ነጭ ኤ4 ይሁን። ደብተር ቀድዶ መፈረም የተለመደ ነው፤ ግን የደብተሩ ሰማያዊ መስመርና የእስክሪብቶው ሰማያዊ ቀለም አንድ ዓይነት ስለሆኑ መለየቱ ያደክማል። ተራ ቢክ ፈጠን ሲሉበት ይዘላል፤ መስመሩ መሃል ላይ ነጭ ክፍተት ይተዋል። ጄል እስክሪብቶ ይሻላል። ፊርማው ከወትሮው ትንሽ ተለቅ ይበል። ከወረቀቱ ሥር ሌላ ሁለት ሦስት ወረቀት ይደረብ፤ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ እጅ ይነጥራል።

ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አታስፈርሙ። እኔ ስምንት ጊዜ አስፈርማለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስቱ ሁልጊዜ የተጨነቁ ናቸው። ሰው "ይሄ ኮምፒውተር ሊገባ ነው" ብሎ ሲያስብ እጁ ይደርቃል። አምስተኛው ስድስተኛው ላይ ይረሳዋል፤ የራሱ ፊርማ ያኔ ይወጣል። የምመርጠው ብዙ ጊዜ ከነዚያ ነው። ምርጫውን ግን ለባለቤቱ ነው የምሰጠው።

ስካነር ያለው ሰው በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ በከለር ስካን ያድርግ። 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፊርማ በ600 ዲፒአይ 1,400 ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ በ300 ደግሞ 700 ገደማ። 300ም ለደብዳቤ ይበቃል። ሲያጸዱ ግን ፒክስሉ በበዛ ቁጥር ጠርዙ ይለሰልሳል። ማሳነስ ሁልጊዜ ይቻላል፤ የሌለውን ማምጣት ነው ችግሩ።

እኔ በ2014ቱ ጦርነት ሱቄ ሲዘረፍ ስካነሬም አብሮ ሄዷል። ሌላ እስክገዛ ድረስ ረጅም ጊዜ በስልክ ካሜራ ሠራሁ። ስለ ብርሃን የማውቀውን ሁሉ ያኔ ነው የተማርኩት። የደሴ ጉም ለዚህ ሥራ በረከት ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን፣ ከተማው ሁሉ ነጭ ጨርቅ ሥር እንደገባ ሲሆን፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ከየአቅጣጫው እኩል ይመጣል። ጥላ የለም። ወረቀቱን መስኮቱ ሥር ዘርግቼ አነሳዋለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ስሠራ ግን ሌላ ነው። ፀሐዩ ይጠነክራል፤ የስልኬና የእጄ ጥላ ወረቀቱ ላይ ይተኛል። እዚያ ስሆን መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ እጥላለሁ። በጣም አልጠጋም። ከፍ ብዬ ትንሽ ዙም አደርጋለሁ፤ ሲጠጉ ምስሉ ይጎብጣል፣ ጥላም ይወድቃል። ፍላሽ በጭራሽ አላበራም፤ መሃሉን ያነጣና ዳሩን ያጨልመዋል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በቴሌግራም የምትልኩልኝ ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ በቀለሙ ዙሪያ ትንንሽ ቆሻሻ ነገር ይበተናል። ያንን ማጽዳት ፊርማውን ከመሥራት የበለጠ ጊዜ ይወስድብኛል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። የምጠቀመው ጂምፕ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አሮጌ ኮምፒውተርም ይችለዋል። ፎቶሾፕ ያለው ሰው ተመሳሳይ ነገሮችን እዚያም ያገኛል።

መጀመሪያ የብርሃኑን መዛነፍ አስተካክላለሁ። ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ ቀስ ብዬ ልናገር። ምስሉን በሁለት ሌየር፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ በተነጠፈ ንብርብር፣ አባዛለሁ። የላይኛውን በጋውሲያን ብለር በጣም አደበዝዘዋለሁ፤ ቁጥሩን 100 ወይም ከዚያ በላይ አደርገዋለሁ። ፊርማው ሟሙቶ እስኪጠፋ፣ የወረቀቱ ብሩህነትና የጥላው አወራረድ ብቻ እስኪቀር ድረስ። ከዚያ የላይኛውን ሌየር ሞድ ወደ ዲቫይድ እቀይራለሁ። ኮምፒውተሩ የታችኛውን በላይኛው ያካፍላል። ጥላ ያለበት ቦታ ጨለማ በጨለማ ሲካፈል ነጭ ይሆናል፤ ብርሃን ያለበትም ብርሃን በብርሃን ሲካፈል ነጭ ይሆናል። ከሁለቱ የተለየው ቀለሙ ብቻ ስለሆነ እሱ ብቻ ጠቁሮ ይቀራል። መጀመሪያ ሳየው ለደቂቃዎች ዝም ብዬ ነበር የተመለከትኩት። የኮምቦልቻ ጥላ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሄደ።

ወረቀቱ ያረጀ ወይም ሻይ የፈሰሰበት ከሆነ ደግሞ ቀዩን ቻናል ብቻ ለይቼ አወጣለሁ። የማንኛውም ፎቶ ቀለም ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ነው የሚሠራው። ሰማያዊ እስክሪብቶ ቀይ ብርሃንን ስለሚውጥ በቀይ ቻናል ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የወረቀት ቢጫነትና የሻይ እድፍ ግን ቀይ ብርሃንን ስለሚመልሱ እዚያ ላይ ፈዘዝ ይላሉ። አንዲት ሴት የሟች አባቷን ደብዳቤ ይዛ መጥታ ነበር። በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ፣ ቢጫ የሆነ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ። ለተዝካሩ በሚታተመው ፎቶ ሥር ፊርማው እንዲሆንላት ፈለገች። ቀዩን ቻናል ስከፍተው ቢጫው ሄዶ ፊርማው ብቻውን ቆመ። ልጅቷ እስክሪኑን አየችና "እሱ ራሱ!" አለች። ከዚያ መናገር አልቻለችም።

ቀጥሎ ሌቭልስ፣ የጥቁርና የነጭ መጠን ማስተካከያው። የወረቀቱ ነጭ ፍጹም ነጭ እስኪሆን የቀኙን ምልክት ወደ ግራ እስባለሁ፤ ቀለሙ እስኪጠቁር የግራውን ወደ ቀኝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተቻኩሎ ትሬሽሆልድ ይጫናል። እባካችሁ አትጫኑ። ትሬሽሆልድ እያንዳንዱን ፒክስል ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ያደርገዋል። ፊርማው እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። የስልክ ስካን አፖች "ጥቁርና ነጭ" የሚሉትም ያንኑ ነው የሚያደርጉት። በቀለሙ ጠርዝ ላይ ያሉት ቀጫጭን ግራጫዎች ናቸው መስመሩን በእጅ የተጻፈ የሚያስመስሉት። እጁ ጠበቅ ያደረገበትና ላላ ያደረገበትም የሚታወቀው በነሱ ነው።

ከዚያ ከለር ቱ አልፋ። የጂምፕ ትልቁ ስጦታ ለኔ ይሄ ነው። ነጩን ምረጡ፤ ነጩ ሁሉ መስታወት ይሆናል፣ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ግራጫው ደግሞ እንደ ግራጫነቱ መጠን ግማሽ መስታወት ይሆናል። አስማተኛው ዘንግ በሚባለው መምረጫ ነጩን መርጦ ማጥፋትም ይቻላል፤ ግን በቀለሙ ዙሪያ ቀጭን ነጭ ጠርዝ ይተዋል። ማህተም ላይ ሲያርፍ ያ ጠርዝ ያጋልጣል። በመጨረሻ መስታወቱ እንዳይነካ የሌየሩን አልፋ ቆልፌ ፊርማውን በጥቁር ሰማያዊ ቀለም እሞላዋለሁ። ከሥሩ ለጊዜው ደማቅ ቢጫ ሌየር አስገብቼ የቀረ ነጭ ካለ እፈልጋለሁ። ንጹህ ከሆነ ቢጫውን አጥፍቼ መስታወትነትን በሚይዘው የፋይል ዓይነት፣ በፒኤንጂ፣ አስቀምጠዋለሁ። ጄፒጂ መስታወትነትን አይዝም። ያ ግራጫ ሳጥን የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

አንድ የቅሬ ዳኛ መጡ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎ ቅሬ እንላለን። ሼህ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ለቅሬው አባላት መታወቂያ ካርድ ሊያሠሩ ነው። 180 ካርድ ላይ አንድ በአንድ መፈረም እጃቸው አልቻለም። ፊርማቸው በአረብኛ ፊደል ነው። እዚህ አገር አማርኛውንም ሳይቀር በአረብኛ ፊደል መጻፍ፣ ዐጀሚ የሚባለው፣ ከጥንት የነበረ ነው። አስፈረምኳቸው፣ ስካን አደረግኩ፣ አጸዳሁ። የወረቀት ብናኝ፣ የቶነር ጠብታ፣ የዝንብ ምልክት፣ ትንንሹን ነጥብ ሁሉ እንደ ልማዴ ጠራረግኩ። ሲያልቅ በጣም አማረብኝ።

በማግሥቱ ናሙናውን ሊያዩ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ካርዱን አቀረቡ፣ አራቁ።

"ልጄ፣ ይሄ የማን ስም ነው?"

"የእርስዎ ነው እንጂ አባባ።"

"አይደለም። ነጥቦቼ የታሉ?"

ወንበር ሰጠኋቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ አነሱና አሳዩኝ። ቃል ስትጀምር ትንሽ ጥርስ የምትመስል አንዲት ቅርጽ አለች። ከሥሯ ሁለት ነጥብ ካላት "ያ" የምትባለው ፊደል ነች። ከሥሯ አንድ ከሆነ ባ። ከላይ አንድ ከሆነ ኑን፣ ከላይ ሁለት ከሆነ ታ። ቅርጿ አንድ ነው፤ ነጥቧ ነው የሚለያት። የሳቸው ስም በ"ያ" ነው የሚጀምረው። እኔ ሁለቱንም ነጥብ ብናኝ መስለውኝ አጥፍቻቸዋለሁ። የቀረችው ምንም የማትባል ጥርስ ነች።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የአንድን ትልቅ ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደል አጥፍቼ፣ "አማረ" ብዬ አትሜ ሰጥቻቸዋለሁ። ኦሪጅናሉን ስካን ስላላጠፋሁት ሁለቱን ነጥቦች ከዚያ መለስኳቸው። እኔ ልሥራቸው አላልኩም። የሳቸው ነጥቦች ክብ አይደሉም፤ ወደ ቀኝ ያዘመሙ፣ የተጣበቁ፣ በአንድ የእጅ ምት የወደቁ ናቸው። እኔ ብሠራቸው የኔ ነጥቦች ነው የሚሆኑት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሠራሬ ተቀየረ። ኦሪጅናሉን ሁልጊዜ ጎን ለጎን ከፍቼ ነው የምሠራው። ከማጥፋቴ በፊት ባለቤቱን አጠገቤ አስቀምጬ በማውሱ እያሳየሁ እጠይቃለሁ። "ይሄ የእርስዎ ነው ወይስ የወረቀቱ?" ብዙዎቹ ይገርማቸዋል። ከዚያ ግን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያያሉ። "እሱ የኔ ነው፣ ተዪው" ይላሉ። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ከስማቸው ማብቂያ ላይ የምትወድቀውን ጭረት "የችኮላ ነች" ብለው ሊያስጠፉ ፈለጉ፤ ከስምንቱም ላይ ስትገኝ ግን "ለካ የኔው ነች" አሉና አስተዋት።

የእጅ መንቀጥቀጥም እንዲሁ ነው። ፊርማውን ኢንክስኬፕ በሚባል የስዕል ፕሮግራም፣ ትሬስ ቢትማፕ በሚለው መሣሪያ፣ ወደ ቬክተር፣ ማለትም በፒክስል ሳይሆን በሒሳብ መስመር ወደሚሳል ምስል፣ መቀየር ይቻላል። ቬክተር ቢያሳድጉት አይፈርስም፤ ለባነር ጥሩ ነው። ግን ማለስለሻውን ከፍ ካደረጉት የእጁን መንቀጥቀጥ ሁሉ ይውጠዋል። የ80 ዓመት ሽማግሌ ፊርማ የ25 ዓመት ወጣት የፈረመው ይመስላል። እኔ ለካርድና ለደብዳቤ ቬክተር አልጠቀምም። ለባነር ካስፈለገም ማለስለሻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደርገዋለሁ።

ስለ ህትመቱ በአጭሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ፋይል እሰጣለሁ፤ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንዱ ድፍን ጥቁር። የኛ ሰው ሰማያዊ ፊርማ ሲያይ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ሰማያዊው በጥቁርና ነጭ ሌዘር ሲታተም ፕሪንተሩ ግራጫ ለማስመሰል በትንንሽ ነጠብጣብ ይሠራዋል፤ ቀጭኑ መስመር ይቆራረጣል። ለዚያ ጥቁሩን ተጠቀሙ። ወርድ ላይ ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ምስል እንዳይጨምቅ አድርጉ፤ አለዚያ ስታስቀምጡት ጥራቱን ይቀንሰዋል። ፊርማው ከጽሑፉ ፊት እንዲሆን አድርጉና መስመሩ ላይ ትንሽ ይረፍበት። እጅ ሲፈርም መስመር አያከብርም።

አሁን ያቆየሁት ነገር። ይሄ ሁሉ የደከምንበት የፊርማ ስዕል ነው። ቁልፍ አይደለም። እውነተኛው ዲጂታል ፊርማ ስዕል ላይኖረውም ይችላል። ሰነዱ በሒሳብ ተጨምቆ አጭር አሻራ ይወጣለታል። ያ አሻራ ፈራሚው ብቻ በሚይዘው የግል ቁልፍ ይታሰራል። ማንም ሰው ለሁሉም ክፍት በሆነው የሕዝብ ቁልፉ ማረጋገጥ ይችላል። ከሰነዱ አንዲት ፊደል ብትቀየር ማረጋገጫው ይወድቃል። ሐሳቡን አሜሪካዊያኑ የምስጢር ጽሑፍ ተመራማሪዎች ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን በ1976 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቁት። እኛም አገር የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ አለን፤ ቁጥር 1072/2010። የኔ ፒኤንጂ ከዚህ አንዱንም አያደርግም። ደብዳቤውን ፒዲኤፍ አድርጌ ልኬዋለሁና ማንም አይነካውም የሚሉ ሰዎች አሉ። ፊርማውን ከፒዲኤፍ ውስጥ ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሥራዬ ላይ ጥብቅ ነኝ። አንድ ወጣት የሆነ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዞ መጥቶ ፊርማውን፣ ማህተሙንና ቲተሩን እንዳወጣለት ጠየቀኝ። ጥሩ ብር አቀረበ። ማህተም አላነሳም። የሌላ ሰው ፊርማም ባለቤቱ ፊቴ ካልተቀመጠ አልነካም። የሟቹን አባት ፊርማ የሠራሁት ለተዝካር ፎቶ ስለሆነ ነው፤ ያም ከፎቶው ጋር ተዋህዶ ነው የወጣው፣ ፋይሉን ለብቻው አልሰጠሁም። ወጣቱ ተቆጥቶ ሄደ። ሌላ ቦታ ሊያሠራው ይችላል። እኔ ዘንድ ግን አይሆንም። የሰው ፊርማ እጁ ነው።

የሼሁ ካርዶች ታትመው አለቁ። 180ው ላይ ነጥቦቹ አሉ። ልጃቸው ፍላሽ ይዞ አብሯቸው መጣ፤ ሁለቱን ፋይል ገለበጥኩለት። ከዚያ እሳቸው እያዩ ከኔ ኮምፒውተር አጠፋሁት፣ ከመጣያውም ጨርሼ ደመሰስኩት።

"ሌላ ካርድ ቢያስፈልግ ፍላሹ ቢጠፋስ?" አሉኝ።

"እርስዎ ይመጣሉ፣ እንደገና ይፈርማሉ፣ አባባ።"

አሰቡበት። ካርዶቹን በእጃቸው መዘን አደረጉ።

"ይሁን። ያኔም ከጎንሽ ተቀምጬ ነው የምትሠሪው።"